«ጆሮ የለህም» ስለሚባሉ ተማሪዎች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ሙዚቃ ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ብዙው ነገር እውነት ነው፣ ደስም ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ጸሐፊው ሙዚቃ የሚማር ልጅ ጆሮው ከተፈጥሮ ካልተሰጠው በትምህርት አይመጣለትም የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይህችው ቃል ስንት ልጅ ከዚህ ትምህርት እንዳስወጣች በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ ቲዎሪ የሚማሩ ልጆችን በግል አስጠናለሁ። አንዳንዶቹ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ገብተው ሁለተኛ ዓመት ላይ የተቸገሩ። ወደ እኔ ሲመጡ አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ኖታ ማንበብ እችላለሁ፣ መሣሪያዬንም እጫወታለሁ፣ ዲክቴሽን ግን በቃ አይሆንልኝም፤ ጆሮ የለኝም መሰለኝ።» ይህንኑ ያለኝ ልጅ ደብተሩን ከቦርሳው እያወጣ ታክሲ ውስጥ የሰማውን ዘፈን ከነክራሩ መግቢያ ሲያንጎራጉር እሰማዋለሁ። ጆሮማ አለው። ማንም ያላስተማረውን ነገር ስለተጠየቀ ነው የተቸገረው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሃርሞኒክ ዲክቴሽን ሲባል እንዲህ ነው። መምህሩ ፒያኖ ላይ ስምንት ወይም አስር ኮርድ (ኮርድ ማለት በአንዴ የሚመቱ ድምፆች ናቸው) አከታትሎ ይመታል፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ድምፅ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በሶፕራኖ፣ በአልቶ፣ በቴነርና በቤዝ። ተማሪው የመምህሩን ጣት ሳያይ፣ በጆሮው ብቻ፣ የቤዙንና የላይኛውን ድምፅ በኖታ ይጽፋል። ከሥሩ ደግሞ እያንዳንዱ ኮርድ በስንተኛው እርከን ላይ እንደተሠራና የትኛው ድምፁ ከታች እንደተቀመጠ ያመለክታል። አንድ ዜማ ሰምቶ መጻፍ አንድ ሰው ሲያወራ እንደ መጻፍ ነው። ይሄኛው ግን አራት ሰው በአንዴ ሲያወራ የእያንዳንዱን ንግግር መያዝ ነው። ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ተቀምጦ ይሞክረው።

የእኔን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። የት እንደሆነ ይቆየን። መምህራችን ገቡ፣ «ወረቀት አውጡ» አሉ፣ አራት ጊዜ መቱት፣ ወረቀቱን ሰበሰቡ። ከስምንቱ ኮርድ የጻፍኩት የመጨረሻውን ብቻ ነበር፣ እሱንም ማረፊያ ነው ብዬ ገምቼ። በሳምንቱ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰና ሌላ ስምንት ኮርድ ተመታ። ሴሚስተሩ በሙሉ እንዲህ አለፈ። መጀመሪያ ምኑን ነው የምሰማው? ቀጥሎስ? ያሳየን ሰው አልነበረም። መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው። ግን ይህ በየሳምንቱ መፈተን ነው፣ ልምምድ የሚባል ነገር የለበትም። ዋና የማይችልን ልጅ በየሳምንቱ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እየጣሉ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ቢመዘግቡ ልጁ ዋና አይማርም።

ጆሮ እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ የሚያውቅ ትምህርት ቤት እኮ እዚሁ አገራችን አለ። ዜማ ቤት። ድጓ የሚማር ልጅ ፊት ለፊቱ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉ ምልክቶች አሉለት። ምልክቱን ብቻ አይቶ ግን ዜማው አይወጣለትም። የኔታ ያዜማሉ፣ ልጁ ይቀበላል፣ ከሳተ እዚያው ያርሙታል፣ እንደገና ይቀበላል። ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሚለየው በጉሮሮው ነው። መጀመሪያ አፍ፣ ቀጥሎ ጆሮ፣ ብራናው በኋላ። እኛ ዘመናዊ ሙዚቃ ስናስተምር ቅደም ተከተሉን ገለበጥነውና ወረቀቱን አስቀደምን። ልጁ በድምፁ አውጥቶት የማያውቀውን ነገር ለይተህ ጻፍ እንለዋለን።

ስለዚህ እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ወር እስክሪብቶ አይነካም። ኮርዶቹን እመታለሁ፣ እሱ ቤዙን ይዘፍናል። በቃ፣ ይሄው ነው። ቤዙን በድምፁ ካላወጣው አልሰማውም ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚዘፍኑት የላይኛውን ድምፅ ነው። ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን ድምፃዊውን መከተል ለምዷል፣ አይፈረድባቸውም። ከታች ያለውን እንዲይዙት ቤዙን ጠበቅ አድርጌ እመታዋለሁ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ ከሌሎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ እወስዳቸዋለሁ። አንድ ቀን የልጁ ፊት ይበራል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ከታች ሌላ ዜማ አለ እንዴ?» ይላል። አዎ፣ አለ። ሁልጊዜም ነበረ። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አልቶ ወይም ቤዝ ሆነው የዘመሩ ልጆች ይህን ደረጃ ቶሎ ያልፉታል፣ ዋናውን ዜማ ለሌላ ሰው ትተው የራሳቸውን መስመር መያዝ ስለለመዱ ነው። ጥሩ ድምፅ ኖሯቸው ሁልጊዜ ብቻቸውን የሚዘፍኑት ናቸው የበለጠ የሚቸገሩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ልጆቹ ቤታቸው ሲለማመዱ የሚሰሙት በስልክ ስፒከር ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ ወደ 41 ጊዜ ይርገበገባል። ያቺ ትንሽ ስፒከር ይህን ድምፅ ማውጣት አትችልም። ልጁ ጆሮ የለኝም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ስልኩ ያላወጣውን ድምፅ ሲፈልግ ነው። ኢርፎን ያድርግ፣ ርካሹም ቢሆን ይሻላል። ወይም ሚኒባስ ውስጥ ይለማመድ፣ እዚያ ቤዝ ሞልቷል፣ ወንበሩ ራሱ ይርገበገባል። ከሜክሲኮ ሳሪስ እስክትደርስ ድምፃዊውን ተወውና ቤዙን ብቻ ተከተል። መቼ ተቀየረ? ወጣ ወይስ ወረደ? ወደ መነሻው መቼ ተመለሰ? ይህን ለአንድ ወር ያደረገ ተማሪና ያላደረገ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ልዩነታቸው ወዲያው ይታወቃል።

መጻፍ ስንጀምርም ኮርዶቹ መጀመሪያ ሲመቱ ማንም አይጽፍም። ምቱን ይቆጥራሉ፣ ስንት ኮርድ እንዳለ ይለያሉ፣ መጨረሻው አርፏል ወይስ ተንጠልጥሏል የሚለውን ይነግሩኛል። ሁለተኛው ለቤዙ ነው፣ ሦስተኛው ለላይኛው። መሃል ያሉትን ሁለቱን ብዙ አልጨነቅባቸውም፤ ታችና ላዩ ከታወቀ ለመሃሉ የሚቀረው ምርጫ ጥቂት ነው።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤዙን በትክክል ይዞ ኮርዱን መሳት። ሰባቱን እርከኖች ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ብለን እንጥራቸውና፣ ቤዙ ፋ ነው እንበል። ኮርዱ ፋ ላ ዶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ በአራተኛው እርከን፣ በፋ ላይ የተሠራው ነው። ፋ ላ ሬ ሊሆንም ይችላል፣ ይህ ደግሞ በሁለተኛው እርከን፣ በሬ ላይ የተሠራው ኮርድ ተገልብጦ፣ ፋ ከታች ሆና ነው። የሚለያቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ዶ ወይስ ሬ። ሁለቱም ወደ አምስተኛው ኮርድ ስለሚያደርሱ አካሄዳቸውን ብቻ ሰምቶ መለየት ያስቸግራል። ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? ዶን ያንጎራጉር። ኮርዱ ሲመታ ዶን በአፉ ውስጥ ይያዛት። ዶ ኮርዱ ውስጥ ካለች ድምፁ ይቀልጣል፣ የራሱን ከፒያኖው መለየት ያቅተዋል። ከሌለች ከሬ ጋር ትፋጫለች፣ ጥርሱ ላይ ትሰማዋለች።

ቤዙ ሚ ሲሆንም እንደዚሁ ነው። ሚ ሶል ዶ ነው ወይስ ሚ ሶል ሲ? ዶን ያንጎራጉር። ቤዙ ሶል ሆኖ ወደ ማረፊያው ሲጠጋስ? በዚያው ሶል ላይ መጀመሪያ ዶና ሚ ተቀምጠው ነው ወደ ሲና ሬ የወረዱት፣ ወይስ ከመነሻው ሲና ሬ ናቸው? አሁንም ዶን የያዘ ልጅ ወደ ሲ ስትንሸራተት ይሰማታል። እዩት፣ መጽሐፍ ላይ በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች የሚገኙ ሦስት ችግሮች ናቸው፣ መፍቻቸው ግን አንዲት ድምፅ ናት። ተማሪዎቼ ዶን ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይዛነፉ መያዝ እስኪችሉ ድረስ፣ እኔ ከሥር የፈለግኩትን ኮርድ ብመታ እንኳ፣ ወደ ሌላ ነገር አላልፍም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ለጆሮ ልምምድ የምንጠቀምባቸው መጻሕፍት የተጻፉት በምዕራቡ ቅኝት፣ በሜጀርና በማይነር ላደገ ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ያደገው በእኛው ቅኝቶች፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፣ መምህሩ ግን ሊያውቀው ይገባል። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋ የለችም፣ ሲም የለችም። አምስቱን ድምፆች እንደፈለጋችሁ ብታገላብጧቸው ሙሉ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ የሚወጣላችሁ ሁለት ብቻ ነው፤ ዶ ሚ ሶል እና ላ ዶ ሚ። ተማሪዎቼ ከሁሉ አብዝተው የሚያምታቱት እነዚህኑ ሁለቱን ነው፣ አልገረመኝም። በትዝታ ላደገ ጆሮ ሁለቱም ማረፊያ ቤት ይመስሉታል። ፋ ወደ ሚ ልትወርድ የምትጎትተው፣ ሲ ወደ ዶ ልትወጣ የምትጎትተው ነገር፣ ያ የምዕራቡን ሃርሞኒ ወደፊት የሚነዳው ጉልበት፣ ትዝታ ውስጥ የለም። ታዲያ ልጁን «ሲ ወደ ዶ ስትስብ አይሰማህም?» ብሎ መቆጣት ምን ይፈይዳል?

ባቲን አምጡለት። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። ፋም አለች፣ ሲም አለች። አምስተኛው ኮርድ፣ ከሶል ሰባተኛዋ ፋ ተጨምራበት፣ ሶል ሲ ሬ ፋ ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ባቲ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የጎደለችው ሬ ብቻ ናት። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ ይህን ኮርድ ለወራት ስትስተው የኖረች። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋሁትና «እስቲ ባቲ አንጎራጉሪልኝ» አልኳት። ጀመረች። ሲ ላይ ስትደርስ «እዚያው ቁሚ» አልኳትና ከሥሯ ኮርዱን መታሁት። ድምፅዋን ሳታቋርጥ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዶ ወጣች፣ እኔም ተከትያት አረፍን። «ይሄ እኮ ባቲ ነው!» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልሳተችውም። አንቺሆዬም ቢሆን ዶ ላይ ሲቃኝ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለውን ርቀት መጻሕፍቱ ለጆሮ እጅግ ከባድ ነው ብለው መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል። የእኛ ልጅ በየሠርጉ ሲሰማው ነው ያደገው። ከዚያ ለምን አንጀምርም?

የ«ዶ» ጉዳይ ራሱ ክርክር ያለበት ነው፣ ባጭሩ ልበለው። በፈረንሳዩ ልማድ ዶ ሁልጊዜ ያው አንድ ድምፅ ናት፣ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ኖታ ለማንበብ ይጠቅማል፣ አልክድም። ለሃርሞኒ ጆሮ ግን እኔ የምመርጠው ዶ ከቁልፉ ጋር፣ ማለትም ዘፈኑ ከሚያርፍበት ድምፅ ጋር የምትዛወርበትን ነው፤ እስካሁን ዶ ስል የነበረውም በዚህ ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኡት ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ያለው ለመዘምራን ነበር፣ ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከወረቀት ላይ በቶሎ እንዲያነሱ። ስሞቹ የሚናገሩት ድምፆቹ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ዝምድና ነበር። ክራር ተጫዋችም ይህን ያውቀዋል። የድምፃዊቷ ድምፅ ከፍ ያለ ከሆነ ክራሩን ወደ ላይ ይቃኘዋል፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ታች። ትዝታው ያው ትዝታ ነው።

«ሃርሞኒ የእኛ አይደለም፣ ምን አስጨነቀን» የሚሉ ሰዎችም ያጋጥሙኛል። ዜማችን ባብዛኛው በአንድ መስመር የሚሄድ መሆኑ እውነት ነው። ዶርዜዎች ጋሞ ደጋ ላይ ሲዘፍኑ የሰማ ሰው ግን እንዲህ አይልም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ እየሄደ አንድ ላይ ይቆማል። የዋሽንት ቡድን የሆነው የደራሼ ፊላም ቢሆን እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ይዞ ዜማውን እየተቀባበሉ የሚሠሩት ነው። ደግሞስ ዛሬ ስቱዲዮ ገብቶ ያለ ኮርድ የሚወጣ ዘፈን የት አለ? ኪቦርድ ተጫዋቹ ትዝታ ሥር ሶል ሲ ሬን ሲከት ሲ ከቅኝቱ ውጭ ናት። ጆሮው የሠለጠነ ተጫዋች ይህን ሰምቶ፣ ወድዶ ወይም ትቶ ይመርጣል። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምሮ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርድ ጋር ሲያገናኝ እንደዚያ እየሰማና እየመረጠ ነው። ያልሠለጠነው ጣቱ ወደለመደበት ይሄዳል፣ ቅኝቱ ሲፈርስም አይሰማውም።

ፒያኖ የለኝም የሚል ልጅ ብዙ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን መፍትሔ አለው። ኪቦርድ ያለው ጓደኛ ጋ ይሂድና ሃያ ያህል አጫጭር የኮርድ ድርድሮች በስልኩ ይቅረጽ፣ መልሱን ደብተር ላይ ይጻፍና ይዝጋው፣ ለአራት አምስት ቀን ይተወው፣ ከዚያ ረስቶት ሲያበቃ ይስማው። ሁለት ሆነው ቢሠሩት ደግሞ እጅግ ይሻላል፤ የሚመታው ልጅ ከሚጽፈው እኩል ይማራል። የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፣ አልጠላቸውም። ችግሩ አራት ምርጫ ሰጥተው ስለሚጠይቁ ልጁ መገመት ይለምዳል። ስክሪኑን ከመንካቱ በፊት በድምፁ ያውጣው። በቀን 15 ደቂቃ በቂ ነው፣ ግን በየቀኑ። ቅዳሜን ጠብቆ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ አይለወጥም፤ ጆሮ ቶሎ ይደክማል፣ ከደከመ በኋላ ሁሉም ኮርድ አንድ ይመስላል።

ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር እንኳ ያገለግላል፣ የምሬን ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ትራንስፎርመር የሚያጉረመርመው በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ነው፤ ፒያኖ ላይ ጂ ከሚባለው 98 ኸርዝ ድምፅ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። በአጠገቡ ስታልፍ ያንን ድምፅ ሶል ነው በልና ዶን ፈልግበት። ነገ ያንኑ ድምፅ ዶ ነው በለው፣ ሶልን ፈልግ። ከነገ ወዲያ ሚ አድርገው። አንድ ድምፅ ኮርድ በተቀየረ ቁጥር ሌላ ቦታ እንደሚይዝ በዚህ መንገድ ነው ወደ አጥንት የሚገባው። እኔ ራሴ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ።

መምህራን ወንድሞቼንና እህቶቼን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረቀት አትሰብስቡ። ስትሰበስቡም ቤዙን ለብቻ አርሙት፤ ስምንቱንም ቤዝ በትክክል ጽፎ ኮርዱን የሳተ ልጅና ባዶ ወረቀት የሰጠ ልጅ እኩል ዜሮ ማግኘት የለባቸውም። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ሌላው የፈተናው ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ፈተና ላይ ዶን በአፍንጫዋ ስታንጎራጉር ፈታኙ «ጸጥታ!» ብለው አስቆሟት። ከዚያ በኋላ አንድም ኮርድ አልጻፈችም። ሌላውን ተማሪ እንዳትረብሽ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ታዲያ ኮርዶቹ ከመመታታቸው በፊት ዶ ተሰጥታ ክፍሉ በሙሉ አንድ ደቂቃ አብሮ ያንጎራጉራት። ተመቶ በሚደገምበት መሃልም ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ ይሰጣቸው፣ የሰሙትን በውስጣቸው ደግመው እንዲዘፍኑት። ይህ ገንዘብም አዲስ ፒያኖም አይጠይቅም። በሚቀጥለው ፈተና አንድ መምህር እንኳ ቢሞክረውና ምን እንዳየ በዚሁ ገጽ ላይ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የሙዚቃ ቲዎሪ አስጠኚ፣ አዲስ አበባ